በ120 በ45 ፒክስል ማስፈራት፦ የሆረር ጌም ሽፋን አሠራር

ዴቨሎፐሩ፦ እንደምን ቆያችሁ። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነን። ርዕሳችን የሆረር፣ ማለትም የአስፈሪ ጌም የመደብር ሽፋን ነው፤ የኮምፒውተር ጌም በሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ ስቲም ላይ፣ ካፕሱል የሚሉት። ጌሙን ዓመታት ሠርቶ ሽፋኑን በመጨረሻው ሳምንት የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ከየት እንጀምር?

ዲዛይነሯ፦ ከትንሹ። ስቲም ትንሹን ካፕሱል በ462 በ174 ፒክስል ይቀበልሃል፤ ዝርዝር ውስጥ ሲያወጣው ግን እስከ 120 በ45 ድረስ ያሳንሰዋል። ብዙ ሰው ጌምህን መጀመሪያ የሚያየው በዚያ መጠን ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ገና ንድፍ እያለ አሳንሰህ እየው። እዚያ ላይ ምንነቱ ካልለየ፣ በኋላ የቱንም ያህል ቀለም ብትደራርብበት አይድንም።

ዴቨሎፐሩ፦ ምሳሌ እንያዝ። እንበል ጌሙ እዚሁ ከተማው ዳር ያላለቀ ኮንዶሚኒየም ስለሚጠብቅ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ስሙም «ዘበኛ»። ብዙዎች የሚስሉት ጨለማ ሕንፃ፣ በባህር ዛፍ እንጨት የተደገፈ ፎቅ፣ ጅብ፣ ጭጋግ፣ ከኋላ ጭራቅ፣ ስሙን ደግሞ ደም በሚያንጠባጥብ ቀይ።

ዲዛይነሯ፦ 120 ፒክስል ውስጥ ለዚህ ሁሉ ቦታ የለም። አንዱን ምረጥ ብትለኝ ዘበኛውን እመርጣለሁ፤ ጋቢ ለብሷላ! ጨለማ ውስጥ ነጭ ቅርጽ በነፃ አገኘህ ማለት ነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የቆመ ሰው፣ ፊቱ ባይታይም ከሩቅ ሰው መሆኑ ይለያል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አዛባ። ጋቢው ጉልበቱ ላይ ያልቃል፣ ከሥሩ ግን እግር የለም። ወይም የእጅ ባትሪ ፊት ለፊት እያበራበት ጥላው ወደ ብርሃኑ ወድቋል።

ዴቨሎፐሩ፦ ጭራቁ ይቅር?

ዲዛይነሯ፦ ከሽፋኑ ይቅር። ጭራቁን ያየ ሰው ጥያቄው ተመልሶለታል፤ ዝም ብሎ ያልፋል። እግር የሌለው ጋቢ ግን «ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ያስብላል፤ ገጹን የሚያስከፍተው ያ ነው።

ዴቨሎፐሩ፦ ከሽያጭ አንፃርም እስማማለሁ። ጌምህ ቀስ እያለ የሚያስጨንቅ ዓይነት ሆኖ ሽፋኑ ደም በደም ከሆነ፣ የሚገዛህ ሰው የሚመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። ስቲም ደግሞ በገዛ በ14 ቀን ውስጥ ጠይቆ፣ የተጫወተውም ከ2 ሰዓት በታች ለሆነ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። የኢንዲ፣ ማለትም ትልቅ ኩባንያ ሳይኖር በጥቂት ሰዎች የሚሠራ፣ ሆረር ጌም ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ከ2 ሰዓት በታች የሚያልቅ ከሆነ ተጫዋቹ ጨርሶትም ሊመልሰው ይችላል። እሺ፣ ወደ ጨለማው እንግባ። ሆረር ያለ ጨለማ አይሆንም፤ ጨለማ ደግሞ አይታይም።

ዲዛይነሯ፦ ዋናው ችግር የስቲም ገጽ ራሱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መሆኑ ነው። ሽፋንህ ዳር ዳሩ ጥቁር ከሆነ ከገጹ ጋር ይዋሃድና ቅርጹን ያጣል። መላው እንዲህ ነው፦ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው በሦስት እርከን ክፈለው። ሰማዩና ዳራው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብሩህነት፣ ሕንፃው ከ35 እስከ 45፣ ጋቢው ከ80 በላይ ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ እርከኖቹ ግን መቀላቀል የለባቸውም። ፍጹም ጥቁር ለትንሽ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፤ ለበር ክፍተት፣ ከጋቢው ሥር ላለው ባዶ።

ዴቨሎፐሩ፦ ከጀርባ የሚመጣ የጠርዝ ብርሃንስ?

ዲዛይነሯ፦ ያስፈልጋል፤ ሲያቀጥኑት ግን ይጠፋል። 462 ስፋት ላይ 2 ፒክስል የሆነ መስመር 120 ላይ ግማሽ ፒክስል ነው፤ የለም ማለት ነው። 8 ፒክስል አድርገው፣ 2 ሆኖ ይደርሳል። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ መብራቱን ከሰውየው ጀርባ ከፍ አድርገህ በሰያፍ አስቀምጥ፤ የፊት ብርሃኑን ከሞላ ጎደል አጥፋው። ደግሞ መጋረጃ ዘግተህ፣ ስክሪኑን መቶ በመቶ አብርተህ አትፍረድ። በስልክ፣ ብርሃኑን ግማሽ አድርገህ፣ ቀን ላይ በረንዳ ወጥተህ እየው። እዚያ የማይታይ ዝርዝር ለገዢውም አይታይም።

ዴቨሎፐሩ፦ በጣም የምትቃወሚው ቀይ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ነው አይደል?

ዲዛይነሯ፦ አዎ፣ ምክንያቱም ሒሳቡ አያወጣም። ስክሪን ላይ ለብሩህነት አረንጓዴ 72 በመቶ ያህል ያዋጣል፣ ቀይ 21፣ ሰማያዊ 7። ስለዚህ ደማቅ የምትለው ቀይ፣ ወደ ደም ሳታጠቁረው በፊት እንኳን፣ ከነጭ አንድ አምስተኛ ያህል ነው የሚያበራው። ቀይ የመለየት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ይብሱን ይጨልማል። ስሙን በአጥንት ነጭ ወይም በደብዛዛ ቢጫ ጻፈው። ቀዩን ለአንዲት ትንሽ ቦታ አቆያት፤ ጋቢው ጫፍ ላይ ላለች ነጠብጣብ ብትሆን ዓይን እዚያው ይሄዳል።

ዴቨሎፐሩ፦ ፊደሉ ላይም እንቆይ። ስለ ሆረር ሎጎ የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች ሁሉ የተሠሩት ለላቲን ነው፤ «አንጠባጥብ፣ ጫር፣ ቦርቡር» ይሉሃል።

ዲዛይነሯ፦ የእኛ ፊደል ያንን አይችለውም። «ዘበኛ» ላይ ደም እናንጠባጥብ። ከ«በ» ቀኝ እግር ጠብታ ብታወርድ እግሩ ረዝሞ «ባ» ይሆናል። ከግራው ብታወርድ «ቦ» ሆነ። «ኛ» ላይ ያለችውን የአናት ሰረዝ በጭረት ብትበላት «ና» ትቀራለች። በትልቁ ሲታይ የተጫረ ፊደል መሆኑ ይገባሃል፤ ሲያንስ ግን «ዘባና» ብለህ ታነበዋለህ። ስለዚህ የፊደሉን ዙሪያ አትንካ። ስንጥቁን፣ ዝገቱን፣ የሲሚንቶውን ሸካራነት ከግንዱ ውስጥ አድርገው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮጵክ የሚባለው ፎንት በነፃ ይገኛል፤ ወፍራሙን ወስደህ እንደ ሥዕል ወደሚስተካከል ቅርጽ ቀይረው፣ የእግር ልዩነቶቹን እንዲያውም አጋን።

ዴቨሎፐሩ፦ መጠኑስ?

ዲዛይነሯ፦ ትንሹ ካፕሱል ላይ ስሙ ሥዕሉን መሙላት አለበት ማለት ይቻላል፤ ስቲምም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ከ174ቱ ቁመት ፊደሉ 90 ያህል ቢይዝ፣ 45 ላይ ሲወርድ 23 ፒክስል ይሆናል፤ ይነበባል። ቦታ ካጣ ዘበኛው እዚያ ላይ ቢቀርም አያሳስብህ፤ በትልልቆቹ ሽፋኖች ላይ አለልህ፤ ከጋቢው ጨርቅ ትንሽ ከኋላ ቢታይ ይበቃል። ትንሹን ከትልቁ አሳንሶ ማውጣት ነው ትልቁ ጥፋት።

ዴቨሎፐሩ፦ እኔ መጠኖቹን ልጨምር። ዋናው ካፕሱል 1232 በ706፣ የገጹ አናት 920 በ430፣ ቁመታሙ 748 በ896፣ ላይብረሪ ውስጥ፣ ማለትም ገዢው የገዛቸው ጌሞች በሚቀመጡበት፣ የሚገባው 600 በ900። የድሮ መመሪያ 460 በ215 የሚል ካገኛችሁ፣ አሁን እጥፉ ነው። ኢች በሚባለው ሌላው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ 630 በ500 ሥሩ። የስፋትና የቁመት ጥምርታቸው ስለማይገጥም ሥዕሉን ከ4000 በ4000 በማያንስ ሸራ ላይ ጀምሩት፤ ዘበኛው፣ ሕንፃው፣ ሰማዩና ሎጎው በየራሳቸው ሌየር፣ ማለትም ለብቻው በሚንቀሳቀስ ንብርብር፣ ይሁኑ። ሰዓሊ ቀጥራችሁ ከሆነ በየሌየሩ የተከፈለውን ፋይል እንደሚያስረክብና የመጠቀም መብቱ የእናንተ እንደሆነ ክፍያ ሳይጀመር በጽሑፍ ያዙ። ያለዚያ ቁመታሙን ለመሥራት ስትፈልጉ ከተጣበቀ ምስል ላይ ሰው መቁረጥ ውስጥ ትገባላችሁ።

ዲዛይነሯ፦ ላይብረሪ ሂሮውን፣ እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ከጌሙ ገጽ አናት ላይ የሚዘረጋውን ሰፊ ሥዕል፣ አትርሳ።

ዴቨሎፐሩ፦ አዎ፣ 3840 በ1240፤ እሱ ላይ ጽሑፍ አይፈቀድም፣ ሎጎው ለብቻው ዳራ የሌለው ፒኤንጂ ሆኖ ይገባል። ካፕሱሎቹ ላይም ከሥዕሉ፣ ከጌሙ ስምና ከኦፊሴላዊ ንዑስ ርዕሱ ውጭ ምንም አይጻፍም። የሽልማት ምልክት፣ የቅናሽ ማስታወቂያ፣ የተቺ ነጥብ፣ እነዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ 2022 በወጣው ደንብ ተከልክለዋል። ሥዕሉን በኤአይ ያሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ስቲም በምዝገባው ቅጽ ላይ እንድትገልጹ ይጠይቃል።

ዲዛይነሯ፦ ከመጫንህ በፊት አንድ ፈተና አለች። ትልልቆቹ ሽፋኖች የሚታዩበትን የስቲም የሆረር ገጽ ስክሪንሾት አንሳ፣ የአንዱን ጌም ሽፋን በራስህ ተካ፣ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳይና ደብቀው። «የትኛውን አስታወስክ? ምን አየህ?» በለው። «የሆነ ሰው ጨለማ ውስጥ» ካለህ ገና ነህ። «ጋቢ የለበሰ፣ እግር የሌለው» ካለህ ጫነው። «ቆንጆ ነው ወይ?» ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ ጓደኛ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው ይላል።

ዴቨሎፐሩ፦ ከወጣ በኋላስ?

ዲዛይነሯ፦ ስቲምዎርክስ ላይ፣ ማለትም ጌም ሠሪዎች ጌማቸውን በሚያስተዳድሩበት የስቲም ገጽ ላይ፣ የትራፊክ ገጽ አለ፤ ሽፋኑ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ሰው ገጹን እንደከፈተ ያሳይሃል። መታየቱ ብዙ ሆኖ ከፋቹ ጥቂት ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ሽፋኑን ነው። ስትቀይር አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ወይ ሎጎውን ወይ ሥዕሉን። ቅናሽ ላይ እያለህ ወይም ፌስቲቫል ውስጥ ሳለህ አትቀይር፤ የሚመጣው ሰው ዓይነቱ ስለሚለያይ ለውጡ ከየት እንደመጣ መለየት ያቅትሃል።

ዴቨሎፐሩ፦ ገጹ ተከፍቶ ጌሙ ዊሽሊስት ውስጥ፣ ማለትም ሰው በኋላ ልገዛ ብሎ በሚይዘው ዝርዝር ውስጥ፣ የማይገባ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ትሬለሩ፣ ማለትም የማስተዋወቂያ ቪዲዮው፣ እና ስክሪንሾቶቹ ጋ ነው። በሚቀጥለው የትሬለሩን የመጀመሪያ አምስት ሰከንድ እናያለን።