ቴራ ኒል፦ ሠርተው፣ ነቅለው የሚወጡበት ጌም

ጤና ይስጥልኝ፤ ወደዚህ ቻናል እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ዝግጅታችን ቴራ ኒል ስለተባለው ጌም ነው። የከተማ ግንባታ ጌሞችን የምታዘወትሩ ተመልካቾች ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ባዶ ሜዳ ይሰጣችኋል፣ መንገድ ትዘረጋላችሁ፣ ቤት ትሠራላችሁ፣ ፋብሪካ ትተክላላችሁ፣ በመጨረሻም ሜዳው የት እንደነበር ይጠፋችኋል። ቴራ ኒል ይህን ሥርዓት ገልብጦ ይጀምራል። የምትረከቡት የደረቀና የተመረዘ መሬት ነው፤ የሚጠበቅባችሁም መሬቱን አክማችሁ፣ ዕፅዋቱንና እንስሳቱን መልሳችሁ፣ የተከላችሁትን መሣሪያ አንድ ሳታስቀሩ ነቅላችሁ መሄድ ነው። ይህችን ነቅሎ የመሄዷን ነገር ያዙልኝ፤ የጌሙ ውበትም ሆነ ፈተና ያለው እርሷ ላይ ነው።

ጌሙን የሠራው በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ፍሪ ላይቭስ የተባለ ስቱዲዮ ሲሆን፣ አሳታሚው ዲቮልቨር ዲጂታል ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2023 ለኮምፒውተር ወጣ፤ ለስልክ ደግሞ በኔትፍሊክስ በኩል ቀረበ። ስቱዲዮው ከዚያ በፊት በሰፊው የሚታወቀው በብሮፎርስ ነበር፤ ብሮፎርስን የተጫወተ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በዚያ ጌም ውስጥ የማይፈነዳ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ሁሉ ያፈነዱ ሰዎች ሣር ወደማብቀል መዞራቸው ንስሐ ይሁን ዕረፍት፣ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። ወለል መወልወልን አስቡ። አንድ ሰው ባልዲና መወልወያ ይዞ፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየወለወለ ይሄዳል እንበል። ሥራው ያምራል፤ ወለሉ ያበራል፤ ነገር ግን የመጨረሻው ጥግ ላይ ሲደርስና ቀና ሲል፣ ከእርሱ እስከ በሩ ድረስ ያለው ሁሉ እርጥብ ነው። ረግጦ ቢወጣ ዱካው ይቀራል፤ እስኪደርቅ ልጠብቅ ቢል ባልዲውን ታቅፎ ጥግ ላይ መቆም ሊኖርበት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን መወልወያውን ከማርጠቡ በፊት በሩን ያያል። ከውስጠኛው ጥግ ይጀምራል፣ ወደ ኋላው ይሸሻል፣ ባልዲውን በየእርምጃው ገና ወዳልተወለወለው በኩል ያሻግራል፣ በመጨረሻም ደጃፉ ላይ ቆሞ የራሱን መቆሚያ ይወለውላል። ምሳሌውን እንዳረዘምኩት ይገባኛል፤ ሆኖም ባልዲውን አልጨረስኩም። ቤቱ ሁሉ ጸድቶ፣ ወለሉ መስተዋት መስሎ፣ መሐሉ ላይ የተረሳ ባልዲ ተቀምጦ ቢገኝ፣ ቤቱ ጸድቷል ብሎ የሚምል ሰው አለ? ቴራ ኒልም አይምልላችሁም። የተረሳች አንዲት የነፋስ ተርባይን በሜዳው ላይ እስካለች ድረስ ካርታው አይዘጋም።

ይህ በጌሙ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንለፈው፤ የስትራቴጂ ጌም ለምታውቁ መሠረቱ አዲስ አይሆንባችሁም። የነፋስ ተርባይን በድንጋይ ላይ ትተክላላችሁ፤ እርሱ በሚያደርሰው ኃይል ክልል ውስጥ መርዝ አጣሪው አፈሩን ያጸዳል፤ በጸዳው አፈር ላይ አጠጪው መሣሪያ ሣር ያበቅላል። እያንዳንዱ ግንባታ በጌሙ ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለውን ቅጠል ያስከፍላል፣ መሬቱ ሲለመልም ቅጠል ይመለስላችኋል፣ ቅጠል ካለቀ ጨዋታው አበቃ። በሁለተኛው ምዕራፍ ሣሩ ወደ ረግረግ፣ ወደ ቁጥቋጦና ወደ ደን ይለያያል፤ እግረ መንገዱንም እርጥበቱና ሙቀቱ ሲስተካከል ዝናቡ ይመጣል። በሦስተኛው ምዕራፍ እንስሳቱን ፈልጋችሁ ታስፍራላችሁ፣ መሣሪያውን ለቅማችሁ በአየር መርከብ ትሄዳላችሁ። ዋናው ይህ ነው።

ምሳሌዬ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ካርታ ላይ መሣሪያ የሚለቀመው በወንዝ ዳር ከሚተከሉ የመጫኛ ጣቢያዎች እየተነሣ በጀልባ ነው። ስለሆነም ወንዙ በመጀመሪያው ምዕራፍ ውኃ ብቻ ይመስላችኋል እንጂ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ በር መሆኑን ትደርሱበታላችሁ። ከወንዙ ርቃችሁ ጥግ ላይ የከመራችኋቸው አጣሪዎች ካሉ፣ ጀልባው ወደ እነርሱ እንዲደርስ አዲስ ቦይ መቆፈር ግድ ይሆናል፤ ቦዩ የሚቆፈረው ደግሞ ደክማችሁ ባለመለማችሁት መሬት ላይ ነው። ጥግ ላይ ባልዲ ታቅፎ መቆም ማለት ይህ ነው። ጌሙ ለስላሳ ሙዚቃና የወፍ ድምፅ ስላለው ብቻ «መዝናኛ እንጂ ስትራቴጂ አይደለም» የሚሉ ሰዎችን የማልቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው። እውነት ነው፣ ቀለል ያለ የጨዋታ ደረጃ አለው፤ በከባዱ ደረጃ ግን የመጀመሪያዋ ተርባይን ያለ ቦታዋ ከተተከለች፣ ዋጋዋ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለ ደኑ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተመልካቾች ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለና እርሱን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «ተፈጥሮን ለማዳን ቆሜያለሁ የሚል ጌም እንዴት ሣር ያቃጥላል? እሳት ጥፋት አይደለም ወይ?» የሚል ነው። በጌሙ ውስጥ ደን ለማብቀል አመድ ያስፈልጋል፤ አመድ ለማግኘት ደግሞ ያለመለማችሁትን ሣር በገዛ እጃችሁ ትለኩሳላችሁ። ነበልባሉ ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው ሲዘል፣ ማያ ገጹ በአንድ ጊዜ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሲለወጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው መደንገጡ አይፈረድበትም።

ነገር ግን እሳት ሁልጊዜ ጥፋት ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ ለዚህም ከጌሙ ሠሪዎች አገር የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በደቡብ አፍሪካ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ፊንቦስ የሚባል የቁጥቋጦ ምድር አለ፤ ጌሙም ቁጥቋጦውን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ፊንቦስ የሚገኝበት የኬፕ የዕፅዋት ክልል ወደ 9,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይበቅሉም። ብዙዎቹ የፕሮቲያ ዝርያዎች ዘራቸውን በተዘጋ የአበባ ራስ ውስጥ ለዓመታት ይዘው ይቆያሉ፤ እሳት ሲያልፍባቸው የአበባው ራስ ደርቆ ይከፈታል፣ ዘሩም በአመዱ ላይ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የአንድን የፊንቦስ ተክል ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ጭሱ መሆኑን አሳዩ። ይህ ማለት ግን እሳት በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ቃጠሎው ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ፣ ወጣቱ ቁጥቋጦ ዘር ሳይቋጥር ይነዳል፤ ያኔ በአመዱ ላይ የሚረግፍ ነገር አይኖርም።

እዚህ ላይ ጌሙን እተቻለሁ። በቴራ ኒል ፊንቦስን የሚያመጣው በዛፍ ላይ የሚቀመጥ የንብ ቀፎ ነው፤ እሳቱና አመዱ የተሰጡት ለደኑ ነው። በኬፕ ምድር የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ እሳት የሚፈልገው ፊንቦሱ ሲሆን፣ ደኑ የሚተርፈው እሳት በማይደርስበት ሸለቆና ገደላ ገደል ውስጥ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ያጡታል ብዬ አላምንም፤ ለጨዋታው ሚዛን ሲሉ ያደረጉት ይመስለኛል። ቢሆንም፣ ፊንቦሱ ራሱ እየነደደ የሚታደስበት ካርታ ቢኖር፣ መቼ ልለኩስ የሚለው ጥያቄ ብቻውን አንድ ሙሉ ስትራቴጂ በሆነ ነበር። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም እግረ መንገዳችሁን አድርጉ።

ሌላው ቅሬታዬ አጭር ነው። የአንድን ካርታ መውጫ አንዴ ካወቃችሁ በኋላ፣ ወደዚያው ካርታ የሚመልሳችሁ ምክንያት ጥቂት ነው፤ አቀማመጡ በየጊዜው ቢለዋወጥም ዘዴው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቪታ ኖቫ የተባለው ነጻ ማሻሻያ አዳዲስ ካርታዎችን ጨምሯል፤ የእንስሳቱንም ነገር አጠንክሮታል፤ አሁን እያንዳንዱ እንስሳ የሚኖርበትን መርጦ ስለሚጠይቅ ደኑን፣ ረግረጉንና ሜዳውን እንዴት አጎራብቼ ልተው ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ጌሙን ገና የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ከማሻሻያው በኋላ ያለውን ተጫወቱ፤ ወንዙን ሳታዩ ተርባይን አትትከሉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ የዋልታውን ካርታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንጫወተዋለን።