ደረሰኝ የሌለው ቀን

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማንኪያ ሲንኳኳ ከሰማችሁ ሻዬን እያማሰልኩ ነው።

ባለፈው ሰንበት አባቴ ስለ አገር ቤት ያወሩን ነበር። ጎንደር፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ፣ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሳው ዱላ እዚያው ይቀራል። ጯኺው ዳኛ ይሁን ጭቃ ሹም አይጠየቅም፣ እረኛም ቢሆን ይሰማል። ታናሽ ወንድሜ ሳቀና «እስቲ እዚህ እስራኤል ለፖሊስ በሉት» አላቸው።

ሳቁ ምክንያት አለው። አምና በነጠላ ጫማ ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ፣ እዚሁ እኛ በር ላይ መታወቂያ አምጣ ተባለ። መታወቂያው ሦስተኛ ፎቅ ነው ያለው። ኪሱን አስገለበጡት፣ ፌስታሉንም አስፈቱት። እኔ በመስኮት አያለሁ። የሽንኩርቱ ልጣጭ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ከሄዱ በኋላ አባቴ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው ለቀሙት። «እንክሰስ» ስላቸው «ተይ ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ። ተውነው። ስለተውነው ደግሞ ያ ቀን የትም አልተመዘገበም። ለመንግሥት፣ አልሆነም።

የደማስ ፓካዳን ነገር ታስታውሱታላችሁ፣ በፈረንጆች 2015፣ ሆሎን ከተማ። የደንብ ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ተደብድቦ፣ መጀመሪያ የተያዘው ራሱ ነው፤ ፖሊስ መታ ተብሎ። የጥበቃ ካሜራ ባይኖር ኖሮ ዛሬም የሚነገረው ያ ነበር። ፖሊሱ ከሥራ ወጣ፣ የወንጀል መዝገቡን ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በዚያው ዓመት ዘጋው። እኛ ቤተ እስራኤላውያን ለተቃውሞ ሰልፍ ከወጣን በኋላ፣ በእኛ ላይ ያለውን ዘረኝነት የሚያይ፣ በያኔዋ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ2016 53 ምክረ ሐሳብ አቀረበ። በ2019 የእኛው ወጣት ሰለሞን ተካ ሐይፋ፣ ኪርያት ሐይም ውስጥ በፖሊስ ጥይት ሞተ። ስለሱ ዛሬ አላወራም፣ አልችልም።

ማወራው ስለ ትንንሾቹ ነው። ማሐሽ የሚባለው ፖሊስን የሚመረምረው ክፍል ከ1992 ጀምሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ከፖሊስ ውጪ ማለት ነው። ጥሩ። ግን የእሱ ድርሻ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስር ወንጀል ነው። መሳደብ፣ ማዋረድ፣ ፌስታል ማስፈታት «የሥነ ምግባር ጉዳይ» ተብሎ ተመልሶ ፖሊስ ቤት ይገባል። የባልሽን በደል ለአማትሽ ንገሪ እንደማለት ነው! እኛን በየቀኑ የሚያቆስለን ደግሞ ይሄው ትንሹ ነው።

ጠበቃ የሚባለው፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መብት የሚሟገተው ማኅበር (ስሙ የእኛው አማርኛ መሆኑ ሁሌ ደስ ይለኛል) በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ፖሊስ ያለ በቂ ምክንያት መታወቂያ አምጣ እያለ ሰው ማቆም እንደማይችል አስወሰነ። ወንድሜን ያስቆሙት ከዚያ ወዲህ ነው። ውሳኔው በር ላይ አልደረሰም፤ እንዳልደረሰ የሚያውቅም የለም፣ እኛ ዝም ብለናላ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሥርዓቱ ሽማግሌ ፍርሃቱን ውጦ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። እንግሊዝ አገር ፖሊስ የፈተሸው ሰው የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ የማግኘት መብት አለው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስገዛ ደረሰኝ ይሰጡኛል፤ ልጣጩን ያስፈታ ሰውዬ ለምን አይሰጠኝም? ሰዓቱ፣ ምክንያቱ፣ የፖሊሱ ቁጥር፣ በአማርኛም ጭምር። የደረቱ ላይ ካሜራ የቀዳውንም ሌላ ሰው ይየው፣ አለቃው ሳይሆን። ያኔ አባቴ ከንጉሥ ጋር አይሟገቱም፣ ወረቀት ነው የሚያሳዩት።

ሰንበት ከወጣች በኋላ ደብተር አውጥቼ የዚያን ቀን ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ቀኑን ወንድሜ ነገረኝ። ሰዓቱ ላይ ተከራከርን። አባቴ ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ «የልጣጩንስ ጻፍሽው?» አሉኝ።