ከቆሻሻ ቅርጫት የወጣችው እርሾ

እንደምን አመሻችሁ፣ ክለቡ ስለ እርሾ ካይኔዞች ጀነቲክስ አውራልን ሲለኝ ግማሻችሁ እንደምታንቀላፉ ስለገባኝ ከጠላ ልጀምር ብዬ ነው። ጋኑ ውስጥ ጠላውን የሚያፈላው እርሾ፣ ያው ዳቦ ቤት ያለው ማለት ነው፣ ወደ 6 ሺ ገደማ ጂን አለው፣ ከመቶ በላዩ የካይኔዝ ጂን ነው፣ እኛ ሰዎች ደግሞ ከ500 በላይ አለን። ካይኔዝ ምን ይሰራል ካላችሁ፣ ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ቁራጭ ነቅሎ ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፣ በቃ፣ ግን ያቺ የተለጠፈች ነገር ፕሮቲኑን ልታስነሳውም ልታስቆመውም ትችላለች።

የዛሬው ወሬዬ ግን ፖምቤ ስለሚባለው የሩቅ ዘመዱ እርሾ ነው። ፖምቤ በስዋሂሊ ቢራ ማለት ነው፣ ከምስራቅ አፍሪካ ቢራ ስለተገኘ ነው ስሙ። የጠላው እርሾ እንቡጥ አውጥቶ ሲራባ ፖምቤ እንደ ዱላ ይረዝምና መሃሉ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፣ ስለዚህ ቁመቱን አይታችሁ ለመቆረጥ ምን ያህል እንደቀረው ትገምታላችሁ።

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ፖል ነርስ የሚባል ተመራማሪ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ላይ ቁመታቸው ሳይሞላ የሚቆረጡ ድንክ ሚውታንቶች፣ ጂናቸው የተለወጠ እርሾዎች ማለት ነው፣ ይፈልግ ነበር። ስኮትላንዶች ትንሽ ነገርን ዊ ስለሚሉ ጂኑም ዊ1 ተባለ። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ 50 ገደማ ሰበሰበ፣ ሁሉም ያው ዊ1። ከዛ እርሾው የሚያድግባት አንዷ ፕሌት (ሳህን) ሻጋታ ገባባትና ወረወራት፣ ማታ ላይ ግን ቆጨውና ተመልሶ ከቅርጫት አወጣት። እኔ ብሆን አልመለስም፣ ስንቱን የሻገተ ፕሌት ጥያለሁ መሰላችሁ። ያቺ ዊ1 አልነበረችም! ሚውቴሽኗ፣ የጂን ለውጧ ማለት ነው፣ ሲዲሲ2 የሚባል ሌላ ጂን ላይ ነው።

እና ለምን 50 ለአንድ ሆነ? ዊ1 ካይኔዝ ነው፣ ስራው ሲዲሲ2 ላይ ፎስፌት ለጥፎ ቆይ ገና ነህ ማለት ነው፣ ፍሬን በሉት፣ ፍሬን ደግሞ በስንት መንገድ ይበጠሳል። ሲዲሲ2 ራሱም ካይኔዝ ነው ግን ሞተሩ እሱ ነው፣ ሲበላሽ ሴሉ መከፈሉን ያቆማል፣ ስራውን እየሰራ ፍሬን አልሰማም የሚል ሞተር ማግኘት ነው ብርቁ። አንድ ጂን ሲበላሽ የሚያስቆም፣ ሌላ አይነት ሲቀየር ደግሞ የሚያፈጥን ከሆነ መሪውን የያዘው እሱ ነው ማለት ነው፣ መሪው ማን እንደሆነ ያወጡት ጂኑን አንብበው ሳይሆን ቁመት ለክተው ነው።

1987 ላይ ደግሞ ሜላኒ ሊ እና ነርስ ለንደን ውስጥ ሲዲሲ2ው ሙቀት የማይችል እርሾ ወስደው የሰው ጂኖች አስገቡበትና አሞቁት፣ መቆም ነበረበት፣ ጥቂቱ ግን ማደጉን ቀጠለ። ያዳነው ጂን ሲታይ የሰው ሲዲሲ2 ነው፣ ከቢሊዮን አመት በፊት የተለያየን ዘመዳሞች ሞተር ተዋውሰን ሰራ! በ2001 ነርስ ከሊላንድ ሃርትዌልና ከቲም ሀንት ጋር ኖቤል ወሰደ፣ ሃርትዌል ሲያትል ላይ በጠላው እርሾ ይሄንኑ ጂን አግኝቶት ነበር፣ እነሱ ሲዲሲ28 ነው የሚሉት።

ከኋላ ሁለት ማይክሮስኮፕ አለ፣ ግራው ጤነኛው ፖምቤ ነው፣ ቀኙ ላይ አጫጭሮቹ ዊ1 ናቸው። ስላይዱን ብቻ አታንቀሳቅሱብኝ፣ ፎከስ እስካደርገው አይኔ ጠፍቷል።