«ወክ አድርግ» ስንት ሚሊግራም ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ሐኪም «ወክ አድርግ» ብሎ ሲሸኛችሁ ስንት ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ኪኒን ቢሆን መጠኑ ሳይጻፍ አትውጡትም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ይህን መጠን የሚወስን ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ ክሊኒካል ኤክሰርሳይስ ፊዚዮሎጂስት ይባላል። የጂም አሰልጣኝ አይደለም፣ ፊዚዮቴራፒስትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የልብ ሕሙማን ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) እዚያ እስከ 36 ክፍለ ጊዜ ይሸፍናል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚመጣ ሰው የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የተባለውን የሙያ ማኅበር የሰርተፊኬት ፈተና ለመቀመጥ 1,200 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠበቅበታል። የመንግሥት የሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው ግዛት ግን ሉዊዚያና ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርተፊኬቱን ለማየት አትፈሩ፤ ነውር የለውም።

ጎበዙን የምለየው በአንድ ነገር ነው፦ ትሬድሚሉን ከማስነሳቱ በፊት የመድኃኒታችሁን ዝርዝር ያነባል። ለምን መሰላችሁ? ብዙ ሰው ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንስና የልብ ምት ጣሪያዬ ይህ ነው ይላል። ለ60 ዓመት ሰው 160 ማለት ነው። ሜቶፕሮሎል የሚባለውን የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልብ ግን በመድኃኒቱ ተይዟል፤ 160 ቀርቶ 120 ላይደርስ ይችላል። ያንን ቁጥር ሰዓቱ ላይ እያየ ቢያሳድድ ከአቅሙ በላይ ይሄዳል።

ስለዚህ ትሬድሚል ላይ የሚደረገው የልብ አቅም ፈተና የሚሠራው መድኃኒቱ እንደ ወትሮው፣ በሰዓቱ ተወስዶ ነው። አርፎ ሲቀመጥ 64 የሚመታ ልብ በፈተናው ጫፍ 118 ደረሰ እንበል። ልዩነቱ 54 ነው። መካከለኛ እንቅስቃሴ የልዩነቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ስለሆነ፣ 64 ሲደመርበት ከ86 እስከ 96 ይሆናል። 160 የት፣ 96 የት! መድኃኒቱ ከተቀየረ ሒሳቡም እንደገና ይሠራል። ፈተና ከሌለ ደግሞ አፋችሁ ይመስክር፦ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አይሆንላችሁም፤ ልኩ እሱ ነው።

ድንገት ማቆምም አደጋ አለው። የእግር ደም ሥሮች ሰፍተዋል፤ ጡንቻው መግፋቱን ሲተው ደሙ እዚያው ይቀራል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይዞርበታል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ እየተራመዱ መጨረስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ስኳራችሁን ለኩ። ከ90 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ከሆነ ቢያንስ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም አንድ ቁራጭ ዳቦ ያህል ቅመሱ። እየጾማችሁ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩት፤ የሚያስሞላችሁ ቅጽ ላይ ጥያቄው ላይኖር ይችላል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ እንደማትቀምሱም ፈረንጁ በምን ያውቃል?