የዛፉ ክብደት ከየት መጣ?

[ምስል፦ ትልቅ ሸክላ ውስጥ የተተከለች ቀጭን የአኻያ ችግኝ]

ትንሽ ችግኝ ተከላችሁ እንበል። ከዓመታት በኋላ ለሁለት ካልሆነ የማይታቀፍ ዛፍ ሆነ። ያ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ? አብዛኞቻችን "ከአፈሩ ነዋ!" እንላለን።

ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የብራስልስ ሰው ግን መገመቱን ትቶ መዘነው። ወደ 90 ኪሎ ደረቅ አፈር ሸክላ ውስጥ ጨመረ። ከ2 ኪሎ በጥቂቱ የምትበልጥ አኻያ ተከለበት። 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣት። መጨረሻ ላይ ዛፏ 77 ኪሎ ገደማ ሆነች። አፈሩስ? የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም!

"እንግዲያው እንጨት የሚሠራው ከውሃ ነው" አለ። ግማሹን አግኝቶታል። ሌላው ግማሽ አየር ውስጥ ነበር። በጣም የሚገርመኝ "ጋዝ" የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱው ራሱ መሆኑ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ጋዝ፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን፣ አጥንቶታል። መልሱ እጁ ላይ ነበር።

[ምስል፦ ፀሐይ ያረፈበት ቅጠል በቅርበት]

ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይስባል፤ ውሃው በሥር በኩል ይመጣለታል። ከሁለቱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ይሄ ነው። እንጨቱ የተገነባው ከዚያ ስኳር ነው። አፈሩ የሚሰጠው እንደ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለ ጥቂት ነገር ነው፤ ያለ እሱ ግን ዛፍ አያድግም።

ቅጠሉን አባጨጓሬ በላችው። አባጨጓሬዋን ወፍ ለቀመቻት። ወፏ በተነፈሰች ቁጥር ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ስትሞት ደግሞ ባክቴሪያና ፈንገስ ያበሰብሷታል። የቀረው ወደ አፈርና ወደ አየር ይገባል። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት አተም አልጠፋችም።

[ምስል፦ ከሣር ወደ ሚዳቋ፣ ከሚዳቋ ወደ አንበሳ እየቀጠነ የሚሄድ ቀስት]

ኃይልስ? እሱም አይጠፋም፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ሣሩ ውስጥ ካለው ኃይል የሚዳቋ ሥጋ የሚሆነው በግምት ከመቶ 10 እጁ ነው። ከቀረው ከፊሉ ሳይበላ ወይም ሳይፈጭ ቀርቶ ለአበስባሾቹ ይደርሳል። ሌላውን ሚዳቋዋ ስትሮጥና ስትተነፍስ ታቃጥለዋለች፤ ሙቀት ይሆናል። አበስባሾቹም ያገኙትን ዞሮ ዞሮ ሙቀት ያደርጉታል። ሁሉም ቢደመር ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ግን ሙቀትን መልሶ ስኳር የሚያደርግ ቅጠል የለም። ቀስ በቀስ ወደ ጠፈር ይወጣል።

አንበሶች ከሚያድኗቸው እንስሳት በቁጥር እጅግ የሚያንሱትም ለዚሁ ነው። ሣሩ ጋ 1000 የነበረው ኃይል ሚዳቋዋ ጋ 100፣ አንበሳው ጋ ሲደርስ 10 ገደማ ነው።