ለአረጋውያኑም ተራ ይድረሳቸው
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከዞኑና ከከተማ አስተዳደሩ የተገኛችሁ እንግዶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሁሉም በላይ ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶቻችንና አባቶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ስለ ምግቡ፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ አዲሱ ክፍል ግንባታ ሥራ አስኪያጃችን በሪፖርታቸው ያቀርባሉ፤ እኔ አልደግመውም። ባጭሩ በአረጋውያን መጦሪያ ማዕከላችን የሚራብ የለም፣ ገላውን ሳይታጠብ የሚከርም የለም፣ ያለ ብርድ ልብስ የሚያድርም የለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህ ባይሟላማ ማፈር ነበረብን። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ ስላልተሰጠው ነገር፣ ስለ ብቸኝነት ነው።

ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ቡና አለን እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግን እንዲህ አያጽናናም። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል። ከአረጋውያን እስከ ሲሶ የሚደርሱት ከሰው ተነጥለው ይኖራሉ። በየዓመቱ ወደ 871,000 የሚጠጋ ሞትም ከብቸኝነት ጋር ይያያዛል። እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ሌላው ቁጥር ነው፤ ብቸኝነት የሚሰማው ሰው በሀብታም አገሮች 11 በመቶ ገደማ ሲሆን በድሃ አገሮች 24 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ ማለት ነው።

እድሩም ማኅበሩም መች ጠፋ? ግን እግር ላለው፣ መዋጮ ለሚከፍል፣ ቤት ላለው ሰው ነው። አንድ አባት ጧሪ አጥተው ወደ ማዕከል ሲገቡ በሰፈር እድር ወርኃዊ መዋጯቸው ይቋረጣል፣ ቆይቶም ስማቸው ከመዝገብ ይወጣል። የማኅበር ተራቸው ለሌላ ይተላለፋል። ክፉ አስቦ ያደረገው ሰው የለም፤ ደንቡ ነው። ለሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲቀብሩ፣ ሲያስተዛዝኑና ሲደግሱ የኖሩበት ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ ማለት ነው። ማዕከላችን ከገቡ እናቶችና አባቶች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ ስለ ምግብ አይደለም። «ማን ይቀብረኛል?» የሚል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ይኸው ነው። ማዕከል የገባ ሰው የእድር አባልነቱ እንዳይቋረጥ ከየሰፈሩ እድር ዳኞች ጋር እንነጋገር፤ መዋጮውን የሚከፍል ዘመድ ከሌለ ማኅበራችን ይክፈል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የጽዋ ማኅበርተኞችም ወዳጃቸው ተራ ሲደርሰው «እሳቸውማ ደክመዋል» ብለው አይለፏቸው፤ አዳራሹ አለ፣ ጋኑ አለ፣ ማኅበሩ እኛ ጋ ይወጣ።

ዘንድሮ ይህን ሞክረነዋል። አንዲት እናታችን የሚካኤልን ማኅበር በማዕከሉ አዳራሽ አወጡ። እኒህ እናት የቀረበላቸውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው የሚቀበሉ፣ ጨው ቢበዛ ጨው በዛ የማይሉ ሰው ነበሩ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ወጥ ቤት ገብተው ዳቦውን ገለበጡት፣ ጀርባውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ይኼ መሃሉ ሊጥ ነው፤ ሰው ጠርቼ ላፍር ነው?» ብለው ወጥ ሠሪዎቹን አፋጠጧቸው። ዳቦው ተመልሶ ምጣድ ላይ ወጣ። ወጥ ሠሪዎቹ ትንሽ ቅር ቢላቸውም እኔ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሲጦሩ የቆዩት ሴት ያን ቀን ባለቤት ሆነው ነበር።

የሙስሊም ወገኖቻችንም እንዲሁ ነው። ከሸዋ ሮቢትና ከአልዩ አምባ አካባቢ የመጡ አባቶችና እናቶች አሉን፤ የዱዓ ቡናቸውን ከነወዳጆቻቸው የሚጠጡበት ቦታና ቀን ሊኖራቸው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር አልጋ ነው። ሰው ስንቀበል ቅጹ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ሕመም ይጠይቃል፣ መታወቂያ ይጠይቃል። «አገርዎ የት ነው? የማን ልጅ ነዎት?» የሚል መስመር የለውም። እንዲህ ስለሆነ አንዱ ከሞላሌ፣ አንዱ ከመሐል ሜዳ የመጡ ሁለት አባቶች በአንድ መተላለፊያ ላይ በተለያየ ክፍል ብዙ ወር ሳይተዋወቁ ኖሩ። ኋላ አንዲት ተንከባካቢ ፀሐይ ላይ አጎራብታ አስቀመጠቻቸው። አንዱ የመንዝ ማማ ምድር፣ ሌላው የመንዝ ጌራ ምድር ሰው ሆነው ዘር ሲቆጥሩ፣ የጋራ አያት ሲያገኙ፣ ወዲያው ደግሞ ስለ ርስት ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ጭቅጭቁ እስከዛሬ አላለቀም። ጠዋት ጠዋት ግን አንዱ ካልወጣ ሌላው «የት ቀረ?» ይላል። አልጋ ስንመድብ እንግዲህ አገርን፣ ሙያንና ጠባይን አይተን እንመድብ። ፀሐይ መሞቂያ አግዳሚዎችም ይጨመሩልን፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ሰው ከአልጋው የሚወርደው ፀሐይ ካየ ነው።

ጆሮን አትርሱብኝ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ ሰዎች ከሩብ የሚበልጡት ለኑሯቸው እንቅፋት የሚሆን የመስማት ችግር አለባቸው። «ጃጅተዋል፣ አይጫወቱም» የምንላቸው ስንቶቹ ስላልሰሙን ዝም ያሉ ይሆኑ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ እዚህ ያላችሁ የመንግሥት ኃላፊዎች የጆሮ ምርመራና የማዳመጫ መሣሪያ ጉዳይን ይዛችሁልን እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።

አሁን ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ልናገር፣ ቅር እንዳይላችሁ። በፋሲካና በገና ጠያቂ ይበዛል፤ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው በዓል ወፍ የለም። ከአልጋ መነሣት የማይፈልጉትን እናት ለፎቶ ብሎ ደግፎ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። በዓመት አንዴ ከሚመጣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ ሰው ይሻለናል። ያ ሰው በስሙ ይታወቃል፣ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል፣ ቢቀር ይጠበቃል። ለዚህ የሚመዘገብ ሰው ከሻይ በኋላ ጸሐፊያችን ጋ ይምጣ። ባይችል ቀድሞ ይንገረን፤ አረጋዊን አስጠብቆ መቅረት ካለመመዝገብ ይብሳል።

የተንከባካቢዎቻችንም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደመወዙ ትንሽ በመሆኑ ልጆቹ ይለቃሉ፤ አረጋውያኑ አንዷን ለምደው ሳይጨርሱ ሌላ ትመጣለች። የደመወዝ ማሻሻያው በአጀንዳው ላይ ሲደርስ ይህን አስቡት። እስከዚያው አንድ ተንከባካቢ ሁልጊዜ ያንኑ ክፍል ትያዝ።

አሜሪካ ያሉ አባሎቻችን እዚያ «አሲስትድ ሊቪንግ» በሚባሉት መኖሪያዎች ሰው የራሱ ክፍል ኖሮት በመታጠብ፣ በመልበስና መድኃኒት በመውሰድ እንደሚታገዝ፣ የቀኑን መርሐ ግብርና ጨዋታ የሚመራ ደመወዝተኛ ሠራተኛም እንዳለ ይነግሩናል። እኛ ዘንድ ይህ ሥራ የማንም አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው እንዲቀጠር ቦርዱ ሐሳብ አቅርቧል። ገበጣውን፣ ፈትሉን፣ ከውጭ ካሉ ልጆች ጋር በኢሞ መገናኘቱን በሰዓቱ የሚያስኬድ ይሆናል። ብቻውን መሆን የሚሻውንም የሚተው አስተዋይ ሰው መሆን አለበት፤ ሁሉም ሰው ማጨብጨብ አይወድም።

ድምፅ የምትሰጡባቸው ጉዳዮች እንግዲህ ሦስት ናቸው፤ የእድር መዋጮው፣ የደመወዝ ማሻሻያውና ቅጥሩ። ከፊት ያላችሁት እናቶችና አባቶች ከዘንድሮ ጀምሮ የጉባኤው ድምፅ ሰጪ ናችሁ፤ እጃችሁን ስታወጡ የሚቆጥሩ ልጆች በየረድፉ ቆመዋል። ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ፤ ሥራ አስኪያጃችን ሪፖርቱን ያቅርቡልን።