ክፍል 41፦ «አንቱ እንዳሉ»

እየቀዳ ነው? እሺ፣ ቀዩ መብራት በርቷል። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ አልጠራሁም። ወሬው ሰው ፊት የሚወራ አይደለም። እናንተ ሰው አይደላችሁም ማለቴ ሳይሆን... ገብቷችኋል።

ስለ ወፍጮዋ፣ ስለ ሞተር ሳይክሌ ነው። አዎ፣ እንደገና። «ሌላ ወሬ የለህም ወይ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። የለኝም።

ባለፈው ክፍል እንዴት እንደፎከርኩ ታስታውሳላችሁ። ከተሠራች ወዲህ መንቀጥቀጧ ስለጠፋ ወፍጮ መባሏ ቀርቷል፣ አዲስ ስም አውጡላት አልኳችሁ። ከአርባ በላይ ስም ላካችሁልኝ። «ሐር» ያላችሁ አላችሁ። «ጸጥተኛዋ» ያላችሁ አላችሁ። አንዱ ደግሞ «የቀድሞዋ ወፍጮ» አለ፤ እሱን ወድጄዋለሁ። ከኋላዬ የሚመጣውን ሚኒባስ ታርጋ በመስታወቴ አነባለሁ ብያችሁ ነበር። እውነት ነው፣ አነባለሁ። አልዋሸሁም። ግን የዘለልኩት ነገር አለ።

ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ጠዋት ነበር፣ ጋራዡ ገና መከፈቱ። ጋሼ፣ መካኒኬ፣ ወፍጮዋን አስነስተው ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳይሰጧት፣ ተዉዋት። ዱብ ዱብ ዱብ ትላለች። መሬቱ ላይ ያለው የዘይት ቆርቆሮ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ያን ረጅሙን ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ጫፉን ቴስታታው ላይ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ሥር ያለው አጥንት ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው። ከዚያ ወደ ታች ዝቅ፣ ወደ ጎን። ድምፁ በብረቱ አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፣ ዱብ ዱብ።

በነገራችን ላይ ካቻቢቴ በጣሊያንኛ ቃል በቃል ብሎን አባራሪ ማለት ነው። ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው፣ ሻማ ነው። ማርሚታ ደግሞ ድስት! የጭስ ማውጫውን ድስት ነው የምንለው። ጣሊያን የመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም.። ሰውዬው ሄደ፣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ፒያሳ ፎቅ ተወልን ይባላል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከፎቁ ይልቅ ካቻቢቴ ነው ሥር የሰደደው። ፎቁማ ቀለሙ እየለቀቀ ነው። ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡና «ሞተሩ ጤነኛ ነው» አሉ። «የሚያንቀጠቅጣት ሌላ ነው። ቆይ እንጂ አንተ ልጅ።»

አንተ ልጅ። እኔ 43 ዓመቴ ነው። ፂሜ ሸብቷል። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ልጅ ነው የሚሉኝ። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እኔ ግን ያን ቀን ለምርመራ አልነበረም የሄድኩት። ወስኜ ነው የሄድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ፒስቶን አለ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣችልኝ፣ በሕፃን ካልሲ የተጠቀለለ። ገንዘቡ ወጥቷል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው መሰለኝ፤ ገንዘቡ ወጥቷል። ገንዘቡን ያወጣ ሰው «ሞተሩ ጤነኛ ነው» መባል ደስ አይለውም።

ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮ አሳየኋቸው። ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው፣ ሆስፒታል የመሰለ ጋራዥ። ማስረዳት ጀመርኩ። ለእሳቸው! እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ስንት ክፍል አወራሁት፦ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከባሕር ጠለል ጋር ስትነጻጸር ከአየሩ አምስተኛው እጅ የለም ማለት ይቻላል። ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ያን የሳሳ አየር የበለጠ አጥብቆ የሚጨምቅ ፒስቶን ይግባላት። የፋብሪካው 8.5 ለ1 ነው የሚጨምቀው፣ ይሄኛው 10 ለ1። የጠፋው ጉልበት ሁሉ ባይመለስም ከፊሉ ይመለሳል። እንዲህ እያልኩ በጣቴ የማጉያ ምልክት እየሠራሁ።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አላቋረጡኝም፤ ይሄን አስተውሉልኝ። ከዚያ «ይሁን፣ እዚህ ደጋው ላይ ያስኬድ ይሆናል። ቆላ ስትወርድ ግን...»

እኔ አቋረጥኳቸው።

«ጋሼ፣ በጆሮ የሚሠራበት ዘመን እኮ አለፈ።»

እየሳቅኩ ነው ያልኩት። በቀልድ። በቀልድ ነበር እንዴ? አንዱ ረዳታቸው ሳቀ። ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ወደ መሬት አየ። ወፍጮዋ ዱብ ዱብ ትላለች። ጋሼ ካቻቢቴውን አነሱ። ከትከሻቸው ላይ ጨርቁን ወሰዱ። ካቻቢቴውን ጠረጉት፤ ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ ቀስ ብለው፣ አንዴ። ከዚያ አገላብጠው ደገሙት። ዘይት አልነካውም እኮ! የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«አንቱ እንዳሉ» አሉኝ።

በቃ። ይሄው ነው። ሌላ ነገር አልተባለም። አልተቆጡም። ድምፃቸው አልተለወጠም። ፒስቶኑን ከካልሲው አውጥተው ብርሃን ላይ አዩት፣ «ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንቱ ነኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ታዲያ ምን አለበት? ልጅ ወለድክ፣ ሸበትክ፣ አከበሩህ» አለች። ሊሆን ይችላል። ጎንደር እኮ ነው፣ አንቱ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሰፈራችን ያሉ አሮጊት ሕፃን ልጄን ሳይቀር «ነይ እቴ፣ አንቱ ደግሞ» እያሉ ያጫውቷታል። በሌላ በኩል እናቴ አባቴን ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ እንዳለችው ነው የኖረችው። አንድ ቀን ብቻ «አንተ!» ስትለው ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን እራት አልተበላም። እኛ ቤት አንቱ ሰላም ነው፣ አንተ ጦርነት። እኔ ላይ የመጣው ግን ተገልብጦ ነው። ተገልብጦ ስለመጣ ይሆን ያልገባኝ? ሰው በአክብሮት ሲገፋህ በምን ትይዘዋለህ? ቢሰድቡኝ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። አክብረውኝ ምን ልበል?

ሥራውስ? ሥራው ተሠራ። ያልኩትን ሁሉ ሠሩ። ሲሊንደሩ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ በአዲሱ ፒስቶን ልክ ሰፍቶ መጣ። ፋሻ፣ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ተቀየረ። የቫልቭ ክፍተት ተስተካከለ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተፈታ፤ ሁለት ጎን ለጎን እንደሆኑ ነግሬያችኋለሁ፣ ቀስ ብላችሁ ጋዝ ስትሰጧት አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ቤንዚን የምታሳልፈዋ ባለ ቀዳዳ ነሐስ በጠበበች ተተካች፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑም ማነስ አለበት፣ አለዚያ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊት ጥርስ ከ15 ወደ 16 ከፍ አለ። በዚያው ፍጥነት ሞተሩ 6 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይዞራል ማለት ነው።

ድሮ ቢሆን በእያንዳንዷ ዕቃ እንከራከር ነበር። አንዴ ስለ ዘይት ውፍረት ተከራክረን ሁለት ሻይ ጠጥተናል። አሁን «ጋሼ፣ ይሄስ?» ስል «አንቱ እንዳሉ»። «ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?» «አንቱ የመረጡት»። ክርክሩ የክፍያው አካል እንደነበር... ተዉት፣ ሒሳብ ውስጥ ገባሁ።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ኮሶዬ ድረስ ወጣሁባት። ያቺ ዳገት ላይ ድሮ እጄ ይደነዝዝ ነበር፤ ቤት ስገባ ማንኪያ መያዝ ያቅተኛል። አሁን ምንም። ያማሃ ኤክስቲ 600 እኮ ነች፤ 595 ሲሲ በአንድ ፒስቶን። የጀበና ያህል ብረት ወደ ላይ ወደ ታች ሲመላለስ መንቀጥቀጥ የተፈጥሮዋ ነው። የሚያረግብ ሚዛን ውስጧ አለ፣ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም እንጂ። ያን ቀን ግን እንደ ውኃ ፈሰሰች። ለመቶ ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ተኩል ትጠጣ የነበረችው 5 ሊትር ላይ ወረደች። ቤንዚን በሃይላንድ ለሚገዛ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት። ድሮ ጥላሸት ነበር፤ አሁን ገና ያልጠቆረ ቡና ይመስላል። ምጣድ ላይ ሽታው ሲጀምር ያለውን ቀለም ታውቁታላችሁ? እሱን።

ወጥቼ ለእናንተ ፎከርኩ። ፒስቶኑ አልኩ። ሳይንሱ አልኩ።

ከዚያ ያ መሬት ያየው ረዳት፣ ሻይ ቤት አገኘሁት። ስለ ኳስ እያወራን ነበር። በመሐል «ያ ብሎን ግን ጉድ ነው አይደል?» አለኝ። የቱ ብሎን? «የሞተሩ መያዣ ነዋ፣ የኋላው። ተበልቶ ክር ብቻ ቀርቶት ነበር እኮ። ቀዳዳውም ሰፍቷል። ጋሼ ራሳቸው ቀዳዳውን ሞልተው፣ አስበስተው፣ አዲስ ብሎን አስገቡለት። አልነገሩህም?»

አልነገሩኝም። ደረሰኙ ላይም የለም። አልተከፈለበትም።

እና አሁን ልጠይቃችሁ፦ ያለሰለሳት ምኑ ነው? ቤንዚኑን የቀነሰው የነሐሷ መጥበብ ይመስለኛል፣ ጥርሱም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። መንቀጥቀጡን ግን... ፒስቶኑ ነው? ብሎኑ ነው? ሁሉንም አንድ ላይ ቀየርኩ። አንድ በአንድ ቢሆን አውቅ ነበር። «የሚያንቀጠቅጣት ሌላ ነው» ብለው ነበር። በጆሮ።

ደግሞ ብሎኑ ነው ብዬ ልደምድም ስል ፒስቶኑን እወደዋለሁ። ዳገት ላይ ጉልበቷ ይለያል፣ ይሄን ማንም አይነጥቀኝም። በርግጥ የቀድሞው ፋሻ አርጅቶ ይሆናል... እ። አላውቅም።

ባለፈው እሁድ መንገዱ ደህና ነው ሲባል ደባርቅ ሄድኩ። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ላይ ነው። ብርዱ፣ ገብሱ፣ ሰማዩ፣ ወፍጮዋ ትዘፍናለች። እዚያው መመለስ ነበረብኝ። ሊማሊሞን ወረድኩት። ያን ጥምዝምዝ ታውቁታላችሁ፣ ቁልቁል ስትሄዱ ጆሯችሁ ይደፈናል። ከሺህ ሜትር በላይ ወርጄ ወደ ዛሪማ ስጠጋ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ማኪያቶ ፈልጌ አጣሁ፣ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ዳገቱን ስጀምር፣ ጋዝ ስሰጣት፣ ትክ ትክ ትክ ትክ። ጠጠር በጣሳ እንደሚናጥ።

ወዲያው ገባኝ። ቆላው ላይ አየሩ ወፍራም ነው። ያ አጥባቂ ፒስቶን ወፍራሙን አየር ሲጨምቀው፣ ሙቀቱም ሲደመርበት፣ ቤንዚኑ በደንቡ መቃጠሉን ትቶ በየጥጉ በራሱ ይፈነዳል። ያቺ የጠበበች ነሐስ ደግሞ ለደጋ ነው የተመጠነችው፤ እዚያ ታች ቤንዚኑ ያንሳታል፣ የባሰ ትግላለች። ያ ትክትክታ ከቆየ ፒስቶን ይበላል። በትንሽ ጋዝ፣ በእርምጃ ነው ዳገቱን የወጣሁት። አንድ አይሱዙ አልፎኝ ሄደ። ከኋላ የተጫኑት ፍየሎች አዩኝ፤ እውነቴን ነው፣ አዩኝ።

እና ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ስወጣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው። «ቆላ ስትወርድ ግን...»

ግን ምን? ይሄን ሊሉኝ ነበር? ወይስ «ቆላ ስትወርድ ግን ውኃ ያዝ» ሊሉ ነበር? አሁን መጠየቅ እችላለሁ። ማለት፣ አፍ አለኝ።

አዲስ ፒስቶን የገባለት ሞተር 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላው ዘይቱ መቀየር አለበት፤ ከአዲሱ ብረት የሚፋቀው ደቃቅ እንዲወጣ። «አምስት መቶ ሲሞላ ብቅ ይበሉ» ብለውኝ ነበር። ብቅ ይበሉ። አሁን 640 ሆኗል። ዘይቱን ገዝቼዋለሁ፣ እዚህ ጠረጴዛው ሥር ነው። ራሴ መቀየር እችላለሁ፣ ብሎን ፈትቶ ማፍሰስ ነው። ሁለት ጊዜ ኪያቤውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሄጄ ምን እላለሁ? «ስለ ብሎኑ አመሰግናለሁ» ብል በረዳቱ ላይ ማሳበቅ ነው። «ቆላ ወርጄ ነበር» ብል... እሱን ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት አልፈልግም። ወይም እፈልጋለሁ። «ጋሼ፣ አንተ በሉኝ» ተብሎ ይለመናል እንዴ? እስቲ እናንተ በሉ፣ ምን ተብሎ...

ነገ ልሂድ። ነገ አርብ ነው፣ ረፋድ ላይ ይኖራሉ። ወይ ቅዳሜ። ቅዳሜ ግን ገበያ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ሰው ፊት ደግሞ...